የሃሪኬኑ ሆድ

የምተዳደረው የሰው ባምፐር እየፈገፈግኩ ነው። ካልጋሪ፣ ኦግደን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡሩ ማደሪያ ጀርባ ባለ ጋራዥ፣ ሌላ ሰው የሚቀባውን መኪና አዘጋጃለሁ። ዝገቱን አነሳለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ መስተዋቱንና ጎማውን በወረቀትና በፕላስተር እሸፍናለሁ። ከዚያ ቀቢው ነጭ ቱታውን ለብሶ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይገባና በሩን ይዘጋብኛል። የቀለም መርጫውን በእጄ የምይዘው ሳጥበው ብቻ ነው።

ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀይ ፒካፕ ተቀብቶ አለቀ። እንደ መስታወት ያበራል። ደርቋል ወይስ አልደረቀም ብዬ በጣቴ ነካ አደረግኩት። አልደረቀም ነበር። ቀቢው ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸም። አሻራዬን ትኩር ብሎ አየና፣ «እጅሽ ከጭንቅላትሽ ይቀድማል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «እኔስ መቼ ነው የምቀባው?» ባልኩት ቁጥር ጣቴን ጣቴን ያያል። እናቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው፤ እሷ ግን ታሳጥረዋለች፦ «ቀልቃላ!»

ሐሰት አይደለም። ከሃይስኩል በኋላ ኮሌጅ ጀመርኩ፣ ተውኩ። ፀጉር ሥራ ጀመርኩ፣ ተውኩ። አንድ እጅጌ ላይ ያቆምኩት ሹራብ አሁንም ሶፋው ሥር አለ። በሕይወቴ ሳልሰለች የፈለግኩት አንድ ነገር ቢኖር ያንን መርጫ ይዤ፣ አንድ ትልቅ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ መቀባት ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንዳንዱ ሰው ልጅ ይፈልጋል።

ወደ አውሮፕላን ያደረሰኝ አንድ የተጫረ ፓራፋንጎ ነው። በምንኖርበት ሰፈር፣ ኤሪን ውድስ፣ ከኛ ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ አዛውንት አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ በረዶ የከተማ አውቶቡስ ነድተው አንድ ነገር ያልነኩ ሰውዬ፣ ጡረታ በወጡ በማግስቱ የገዛ ቤታቸውን በር ገጩ። ፓራፋንጎውን እዚያው ደጃቸው ላይ አስተካከልኩላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ወርቅ ነው» አሉኝ በመዳፋቸው እየዳበሱት።

«ገና ቀለም ይፈልጋል ጋሼ።»

«ቀለም የሚፈልግ ነገርማ እኔ ነኝ የማሳይሽ። ቅዳሜ ሥራ አለሽ?»

ባለቤታቸው እትዬ «ቀን ቀን እቤት እንዳላይህ» ብለዋቸው ኖሮ፣ ጋሼ በአንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ሙዚየም ውስጥ በነፃ እያገለገሉ ነው። ሥራቸው ለሚመጡት ልጆች መተረክና «አትንኩ» ማለት ነው። በእኔና በ«አትንኩ» መካከል ያለውን ታሪክ ስለማያውቁ ይዘውኝ ሄዱ።

ሃንጋሩ ውስጥ፣ አውሮፕላን በሚጠለልበት ትልቅ አዳራሽ፣ የቆመው ሃሪኬን የሚባል የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰው። ጦርነቱ ሲያልቅ አንድ ገበሬ ለብሎኑና ለቧንቧው ብሎ ጎትቶ ወስዶት፣ ከዚያ በኋላ የዶሮ ቤት ሆኖ ኖሯል። እነዚህ በነፃ የሚሠሩ ሽማግሌዎች ለቅመው፣ ገጣጥመው፣ አጥንቱን አቁመው ቆዳ አልብሰውታል። የቀረው ቀለም ነው። እርቃኑን ሳየው አፌ ምራቅ ሞላ፤ አላጋነንኩም።

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ከአውሮፕላኑ ጋር ሰልፊ አነሱን። ከኋላችን ያለው የ«አትንኩ» ማስታወቂያ ፊደሉ ሁሉ ከኋላ ወደፊት ሆኖ ወጣ።

«ጋሼ፣ ካሜራዎ እኮ ይገለብጣል! ሰው እንዴት ይሄን አያስተውልም?»

«ተይኝ ባክሽ፤ መልኬ እንደሆነ አልተገለበጠም።»

ሳቅኩባቸው። ይህን ሳቅ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

የጥገናው ኃላፊ ጡረታ የወጣች ኢንጂነር ናት። ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ፣ ቃልን እንደ ብርቅዬ ብሎን ከኪሷ አንድ አንድ እያወጣች የምትሰጥ ሴትዮ። በእንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለ አንቺ እላታለሁ፤ ፊቷን ሳየው ግን ምላሴ ላይ የሚመጣው አንቱ ነው። ምን መሥራት እንደምችል ጠየቀችኝ። «መፈግፈግ» አልኳት። ከገበሬው ጓሮ የተለቀመ አንድ የቆርቆሮ ቁራጭ ሰጠችኝ።

ይሄን እንኳ እችላለሁ። ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነኩ ቀስ ብሎ በክብ ሲፈግፈጉ፣ የድሮ ቀለም ንብርብር እንደተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የገበሬው ቀይ መጣ። ከሥሩ አመድማ። ከሥሩ አረንጓዴ፤ ከአረንጓዴው ጎን ደግሞ እርጥብ የእርሻ አፈር የመሰለ ቡኒ። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ብዙ አየችውና፣ «ዳርክ ኧርዝ» አለች፤ ልክ የጠፋች ድመቷን እንዳገኘች ሰው። የቡኒው ስም ነው። ቁራጩ ከየትኛው ክንፍ እንደወጣ ስለማይታወቅ ከቀለሙ ሌላ የሚነግረን ነገር አልነበረውም። እኔ ግን አለቀልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች የአውሮፕላናቸውን ሆድ ከታች ለሚያይ ሰው ሰማይ እንዲመስል ፈዛዛ ይቀቡታል። ጀርባውን ደግሞ ከላይ ለሚያይ ጠላት እርሻና ጫካ እንዲመስል በቡኒና በአረንጓዴ፣ በሚጠማዘዙ ትልልቅ ጥፍጥፎች ያዥጎረጉሩታል። ጥፍጥፎቹ ግን እንደ ደረሰ አይደሉም፤ ሥዕል አላቸው። በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል፣ እንደ ቀኝና ግራ ጫማ። ሃንጋሩ ግድግዳ ላይ በእጅ የተሣለ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የቀኝ ጫማ እንበለው። የኛም አውሮፕላን እንደዚያ ነበር ተብሎ ይታሰባል፤ ያረጋገጠ ግን የለም።

ሃንጋሩ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አንደኛ፦ ያለ ሁለት ፎቶግራፍ መስመር አይሰመርም። ሁለተኛ፦ ያገኘ ይቀባል። ሥዕሉን በማስረጃ ያረጋገጠ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በጠመኔ ያሰምረዋል፤ ያሰመረውንም በመርጫ ይቀባዋል።

ማንም ይሁን ማን! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሁለት ፎቶ ካገኘሁ ቀቢ ነኝ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስለነበሩት ወራት ስታወራ «ልጄ ባበደች ጊዜ» ነው የምትለው። በቡኒው ልክ የተቀባች ቁራጭ ወረቀት በስልኬ ሽፋን ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ባቡር ውስጥ የማላውቀው ሰው ጫማ ላይ አስጠግቼ ቀለሙን ስለካ ሰውየው እግሩን ሰበሰበ። ቤት ውስጥ ሶፋውን ለካሁ፣ የቡና ቁርሱን ሰሃን ለካሁ፣ እናቴ ሽሮ ስታማስል ድስቱ አፍ ላይ ያዝኩት።

«ቀለም ወጤ ውስጥ ጠብ ካለ አንቺን ነው የምቀቅልሽ!»

«እማ፣ ትንሽ በርበሬ ቢቀንስ እኮ ራሱ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ ያንን አውሮፕላን።» በስልኬ አሳየኋት። አጥብቃ አየችው። «ይሄ ቡሬ በሬ ነው። አባቴ ቤት ነበረ፤ ስሙን ጠርተሽው እንኳ የማይመጣ። እንግሊዝ በቡሬ በሬ ነው ጀርመንን ያሸነፈችው?»

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የሚጣሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት መድረክ አገኘሁ። ጎበዝ፣ እንደነዚህ ያለ ጠብ በቤተ ዘመድ ውርስ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም። አንዱ «አረንጓዴው ትንሽ ወደ ጥቁር ያደላል» ይላል፤ ሌላው «የሚያደላው ያንተ ዓይን ነው» ይለዋል። ማስረጃ ብለው የሚለጥፉት ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። «ሰዎች፣ ፎቶው እኮ ቀለም የለውም፤ ምኑን ነው የምታዩት?» ብዬ ጻፍኩ። አስወጡኝ። ሰባት ቀን ሙሉ እየሳቅኩባቸው፣ ራሴ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አጉሊ መነጽር ይዤ ተደፍቼ ነበር።

በመጨረሻ ከላይብረሪ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አገኘሁ። አንደኛው ውስጥ ከኛው ጋር በአንድ የአየር ኃይል ጓድ የነበረ ሃሪኬን፣ ከኋላው ከፍ ካለ ቦታ የተነሳ ፎቶ አለ፤ ክንፉ ላይ ያለው ጥፍጥፍ ጥርት ብሎ ይታያል፣ አብራሪው መርገጫው ላይ እግሩን አድርጎ ሊወጣ ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ደግሞ ከቅርብ ነው፤ ክንፉና ጅራቱ ብቻ፣ ጠርዙ ላይ የአንድ ሰው ቦት ጫማ። በሁለቱም ላይ ፊደልም ቁጥርም የለም፤ ያኔ ጠላት እንዳያነብ ሳንሱር ከፎቶው ላይ ይፍቀው ነበር። በሁለቱም ላይ ጥፍጥፎቹ ከግድግዳው ሥዕል ተቃራኒ ናቸው። የግራ ጫማ!

በአንድ ጓድ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ይቀቡ ነበር የሚል ነገርም የሆነ ቦታ አነበብኩ። ስለተመቸኝ አመንኩት።

ቅዳሜ ሃንጋሩ ገብቼ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳልል፣ «ያ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ስህተት ነው» አልኩ። በሙሉ ድምፄ። ሽማግሌዎቹ መፍቻቸውን አስቀመጡ። ጋሼ ሁለት ልጆች እያስጎበኙ ነበር፤ እነሱንም ጥለው መጡ።

«ቀስ በይ እንጂ» አሉኝ በአማርኛ፣ በጥርሳቸው። «ዋስ ሆኜ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ በአንደኛው ፎቶ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግታ የጥፍጥፎቹን ጠርዝ በእርሳስ ተከተለች፤ መጠኑን አስተካክላ ወረቀቱን ሁለተኛው ላይ አኖረችው። ገጠመ። ፀጉር አያስገባም።

«በጣም ይገጥማሉ» አለች።

እኔ ሙገሳ መሰለኝ። አመስግኜ ሁሉ ነበር።

ሕግ ሕግ ነው፤ ተፈቀደልኝ። የግድግዳውን ሥዕል በገዛ እጄ አውርጄ፣ ጠቅልዬ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አቆምኩት። ከዚያ በክርና በጠመኔ ሙሉ ቀን አሰመርኩ። ጉልበቴ አለቀ፣ ፀጉሬ ነጭ ሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ቡና አመጡልኝ። የማይቀቡትን ቦታዎች ሁሉ ደግሞ በለመድኩት መንገድ በወረቀትና በፕላስተር ሸፈንኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልቀባ ነው።

ጋራዥ ሄጄ ለቀቢው ነገርኩት፤ «አውሮፕላን?» አለና ጣቴን አየ። ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ስህተቴ ይሄኛው ነው እላለሁ አንዳንዴ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ስለኔ ሲጠይቃት «ያው ሥራ ላይ ናት» ነበር የምትለው፤ ብቻዋን ስትሆን ደግሞ «ባትላሜራ ሆና ቀረች»። አሁን ግን ስልክ አነሳች። ማርቲንዴል ሰፈር ላለችው እህቷ ደወለች፣ ለማኅበርተኞቿ ደወለች።

«ልጄ የጦር አውሮፕላን ልትቀባ ነው። አዎ፣ የጦር። አይ፣ የጋራዡ አይደለም ይሄ፤ መርጠዋት ነው።»

ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። እናቴ በኔ ስትኮራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሹራቡን ከሶፋው ሥር አውጥቼ ለመጨረስ እንኳ ዳዳኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሃንጋሩ በላስቲክ መጋረጃ ተከፍሏል፣ ቀለሙ ተበጥብጧል፣ ቱታዬን ለብሻለሁ፣ የመተንፈሻ ጭምብሉ ግንባሬ ላይ ነው። እናቴና ሴቶቹ ከሰዓት ይመጣሉ። መርጫው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ወዲያው አንስቼ መጀመር እችል ነበር። ግን አንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ያሰመርኩትን ከላይ ለማየት አማረኝ። መሰላሉ ሩቅ ነው፤ አሥር እርምጃ የማይሞላ ቢሆንም ለኔ ሩቅ ነው። ፎቶው ላይ ያለው አብራሪ ትዝ አለኝ። እሱ እንደወጣው እወጣለኋ! በቀኝ በኩል ዞርኩ፣ ልክ እንደሱ እጄን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ፣ ልክ እንደሱ እግሬን አንስቼ መርገጫው ላይ...

አየር ረገጥኩ።

ከኋላዬ ባዶ የቀለም ቆርቆሮዎች ተደርድረው ነበር። ድምፁን የሰማ ሰው ክንፉ የወደቀ ነው የመሰለው።

«በስመ አብ!» ጋሼ እየሮጡ መጡ። «ተሰበርሽ?»

«ጋሼ፣ መርገጫው የታለ?»

«የምን መርገጫ?»

«አብራሪው የሚወጣበት!»

«በዚያኛው በኩል ነዋ። እንደ ፈረስ እኮ ነው፤ በግራ ነው የሚወጣው፣ በቀኝ የለውም። ለልጆቹ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምን የምል ይመስልሻል?»

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚሉትን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ ሥራ ላይ ነኝ። መርገጫው በግራ ነው። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት ቀለም እንዳይነካው ብዬ በፕላስተር የጠቀለልኩት እኔው ነኝ። በነዚህ ሁለት እጆቼ! የፎቶው ሰውዬ ግን በቀኝ እየወጣ ነው። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ነገሩ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከአናቴ ወደ ታች ወረደ።

ትንሽ አስተዋይ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ተነስቶ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ ጥግ ሄዶ ያስብ ነበር። አፌ ግን እንደ እጄ ነው። «ፎቶው ተገልብጧል!» ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ፤ ከመንገድ ማዶ ሳይሰማ አይቀርም።

መጽሐፉ መጣ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። ሴትዮዋ ሞተር ሥር የምታይበትን ትንሽ መስታወት ከኪሷ አወጣችና ከፎቶው ጎን አቆመችው። መስታወቱ ውስጥ አብራሪው በግራ ወጣ። መስታወቱ ውስጥ ጥፍጥፎቹ ዞረው፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያቆምኩት ሥዕል ሆኑ። መጽሐፉን ያተመው ሰው ፊልሙን ገልብጦ ነው ያተመው። ፊደል ቢኖርበት ኖሮ ያስታውቅ ነበር፤ ፊደሉን ደግሞ ሳንሱሩ ፍቆታል።

«ሁለተኛውስ?» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ሊያጽናናኝ።

ሁለተኛውን ከፈትን። ጠርዙ ላይ ያለችው ቦት ጫማ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለችው መጨማደድ። አንደኛው ላይ ያለው አብራሪ ጫማ፣ ያው መጨማደድ። አንድ ፎቶ ነው! አንዱ ሙሉውን አተመው፣ ሌላው ከዚያው ላይ ቆርጦ አተለቀው። ሁለት ምስክር ብዬ ያቆምኩት አንድ ሰው ነው፤ ኮቱን ቀይሮ ተመልሶ የገባ። ምነው አይገጥም! ያን ፎቶ ወራት ሙሉ ሳየው ያየሁት የጥፍጥፉን ጠርዝ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ሰው እንዳለ አላየሁም።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ሳሳይዎት አላስተዋሉም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቀለሙን እይ አልሽኝ እንጂ ሰውየውን እይ አላልሽኝም።»

ሴትዮዋ መስታወቷን ኪሷ ከተተች። «ከቀለሙ በፊት ወደቅሽ» አለች። «ጥሩ ነው።» ከዚያ ሄዳ ሥዕሉን አነሳችና አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችው። አጠራረጓን ሳይ ገባኝ፤ ታች ጥጉ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት የሷ ነው። ማን እንደሣለው ጠይቄ እንኳ አላውቅም።

«ትክክል እንደነበርሽ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«እገምት ነበር።»

«ታዲያ ሳወርደው ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ሁለት ፎቶ ነበረሽ» አለች። «እኔ አንድ ብቻ ነበረኝ።»

ፎቶዬ ተገልብጦም ቢሆን ለሷ ሁለተኛ ፎቶ ሆነላት። ያገኘ ይቀባል፤ ያገኘችው እሷ ናት። ጭምብሌን ከግንባሬ አውርጄ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዤ፣ ጠመኔውን ማጥፋት ጀመርኩ።

እናቴ የመጣችው ይሄኔ ነው። የክት ጫማዋን አድርጋ፣ ከኋላዋ አክስቴና ማኅበርተኞቹ፣ ሁሉም እንደ ሰርግ ለብሰው።

«ይቺውላችሁ ልጄ» አለች ከላስቲኩ ማዶ።

«ምንድነው የምትቀባው?» አለች አንዷ። «እያጠፋች እኮ ነው የምትመስለው።»

«እያጠፋሁ ነው» አልኩ። «አገላብጬው ነው።»

«አውሮፕላኑን?!»

«አይ፣ ሥዕሉን። የግራውን ቀኝ አድርጌው።»

ጋሼ አላስቻላቸውም። «ካሜራዎ ይገለብጣል ብላ የሳቀችብኝ ልጅ ይቺ ናት! ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል ይላል መጽሐፉ፤ እሷ አንዱን ምስክር ሁለት ጊዜ ጠርታ አስማለችው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጨርቁን ያዝኩና እናቴን አየኋት። ፊቷ ላይ ያ ቃል እየመጣ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው። ግን ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ቀለሙ ሳይነካው ደርሳበታለች» አለች ኮስተር ብላ። «ምን ያስቃል? ስንቱ ከቀባ በኋላ ነው የሚደርስበት።» ከዚያ ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «ቀልቃላ» አለችኝ።

ሴትዮዋ ይሄን ሁሉ የማይገባትን ቋንቋ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። የእናቴን ጫማ አየች፤ የያዝኩትን ጨርቅ አየች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ሌላ ቆርቆሮ ከፈተች። ለሆዱ የተበጠበጠው ነው።

«ሆዱ አልተቀባም» አለች መርጫውን እያቀበለችኝ። «ሆድ ግራና ቀኝ ሥዕል የለውም።»

የሆዱን ሥራ ማንም አይፈልገውም። ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ ክንፉ አፍንጫን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ወደ ላይ እየረጩ፣ የረጩት ተመልሶ ፊት ላይ እየወረደ ነው። ሲያልቅም ማንም ጎብኚ አጎንብሶ አያየውም። አንድ ወጥ ቀለም፣ የሚሳሳቱበት ጥፍጥፍ የሌለው፤ ለኔ የተሰፋ ልብስ ነው። ተቀበልኳት።

የሆዱ ቀለም ስሙ ስካይ ነው። ሰማይ ይበሉት እንጂ ሰማያዊ አይደለም፤ ወተት የፈሰሰበት የጎመን ውሃ ይመስላል። ጥርት ያለ ሰማያዊ የሆነውን የካልጋሪን ሰማይ የሚያውቅ ሰው ሊስቅ ይችላል። እናቴም ከመጋረጃው ማዶ ጠየቀች፦ «ሰማይ እንደዚህ ነው እንዴ?» ጋሼ መለሱላት፦ «የእንግሊዝ አገር ነው፤ እዚያ ሁልጊዜ ደመና ነው።»

የመርጫውን ምላጭ ሳብኩ። ቀለሙ እንደ ትንፋሽ ወጣ። ቀቢያችን በዝግ በር ጀርባ የሚያደርገውን ለብዙ ጊዜ በቁልፉ ቀዳዳ አይቻለሁና እጄ ያውቀው ነበር፤ አንጓ ሳይታጠፍ፣ ክንድ በሙሉ፣ ካንዱ ጫፍ ወደ ሌላው፣ የፊተኛውን መስመር በግማሽ እየደረቡ። መርጫ አንድ ቦታ ላይ ቆም ካሉበት ቀለሙ እንደ እንባ እየወረደ ያነባል። መቆም ክልክል ነው! እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ማን በነገረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «አንድ ቦታ እረፊ» ስባል የኖርኩ ሰው፣ አለማረፍ የሚያስመሰግንበት ቦታ አገኘሁ። ክንፍ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ መነጽሬ ላይ ሰማይ እየተንጠባጠበ፣ ጭምብሉ ውስጥ ጥርሴ ተገጥጦ ነበር።

እናቴ በስልኳ ፎቶ አነሳችኝ። ለአክስቶቼ ሁሉ ልካዋለች። ሙሉ አውሮፕላን ይታያል፤ ከኔ የሚታየው ከክንፉ ሥር የወጣው ጫማዬ ብቻ ነው። «ጫማዋ የልጄ ነው» ብላ ጽፋበታለች። ጫማዬ መጨማደዱን አየሁት። ከሰባ ምናምን ዓመት በኋላ አንድ እብድ መጥቶ እሱን ትቶ የክንፉን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር እንደሚያይ አልጠራጠርም።

ጀርባውን ሴትዮዋ ራሷ ቀባችው፣ በራሷ ሥዕል፣ በትክክለኛው ጫማ። ያምራል፤ ቅናት ካልሆነ በቀር ምንም የምለው የለኝም። እኔ አሁንም ኦግደን ነኝ፤ አሁንም ባምፐር እፈገፍጋለሁ። ፎቶውን ለቀቢው አሳየሁት፤ ጫማዬን ብዙ አየና፣ «አላነባም?» አለኝ። «አላነባም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በሩን አሁንም ይዘጋዋል፤ ግን ይቆልፈው የነበረውን አይቆልፈውም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ያን ዕለት ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ቡና ሊጠጣ ወጣ። እኔ ከክንፉ ሥር ቀረሁ። ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል። ደርቋል ወይስ አልደረቀም?

ጎማው ሲታጠፍ በሚሸፈነው ቦታ ላይ አንዲት የጣት አሻራ አለች። አጎንብሶ ለሚያይ ሰው፦ በግራ በኩል ናት። በግራ፤ ዞሬ አይቻለሁ።